በአውሮጳ ፍጹም ሥልጣን ያላቸው ነገሥታት እንዴት ተነሡ?

ዘንድሮ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ፈረንሳዩ ንጉሥ ስለ ሉዊ 14ኛ ስንማር፣ መምህራችን «ፍጹም ንጉሥ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኔም ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁና «የፈለገውን ሁሉ የሚያደርግ፣ ከልካይ የሌለው ንጉሥ ማለት ነው» ብዬ መለስሁ። መምህራችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያውስ ይህን ንገረኝ፤ ሉዊ በየጠቅላይ ግዛቱ ያስቀመጣቸው ዋና ዋና እንደራሴዎች ሠላሳ ያህል ነበሩ። የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ሃያ ሚሊዮን ያህል ነበረ። ሠላሳው ሰው ሃያ ሚሊዮኑን በምን ኃይል አዘዘው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓደኞቼ ሣቁ፤ እኔም አፍሬ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ ስላልጠፋ፣ በቤተ መጻሕፍታችን ያገኘሁትን እያነበብሁ፣ ያልገባኝንም መምህራችንን እየጠየቅሁ የደረስሁበትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ ደፈርሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። አውሮጳውያን «አብሶሉት» የሚሉት ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የተፈታ» ማለት ነው፤ ይኸውም ንጉሡ ሰው ካወጣው ሕግ ማሰሪያ የተፈታ ነው ለማለት ነው። ዣን ቦደን የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ በ1576 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በአንድ አገር ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር አንድ ባለ ሥልጣን መኖር አለበት፤ እርሱም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሕግ ሊያወጣና ሊሽር ይችላል ሲል አስተማረ። ነገር ግን ይኸው ሊቅ ንጉሡ ከእግዚአብሔር ሕግና ከተፈጥሮ ሕግ በታች ነው፤ የሕዝቡንም ገንዘብ ያለ ፈቃዱ ሊወስድ አይገባውም ይላል። የሉዊን ልጅ ያስተማረው ጳጳስ ቦሱዌም ፍጹም መንግሥትና እንዳሻው የሚያደርግ መንግሥት አንድ አይደሉም ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። እንግዲህ እኔ በክፍል ውስጥ የሰጠሁት መልስ በንጉሡ በራሱ ሰባኪ ፊት እንኳ የሚያልፍ አልነበረም።

ቦደን መጽሐፉን ያወጣበት ዘመን ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 24 ቀን 1572 በቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ዕለት፣ በፓሪስ ፕሮቴስታንቶችን የመግደል ሥራ ተጀመረና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛመተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ጎረቤት ጎረቤቱን ገደለ። ፈረንሳይ ከ1562 እስከ 1598 ድረስ በሃይማኖት ምክንያት እርስ በርሷ ስትዋጋ ኖራለች። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ መኳንንት የየራሳቸው ምሽግ፣ የየራሳቸው ወታደር ነበራቸው። ንጉሡ ከሁሉ የበላይ ነው ይባል እንጂ፣ አንዱ መስፍን ቢያኮርፍ ከውጭ አገር ንጉሥ ጋር ተማክሮ ጦር ያመጣበት ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በ1589 በአንድ መነኩሴ እጅ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ሄንሪ 4ኛ በ1598 በናንት አዋጅ ሁለቱን ወገኖች ቢያስታርቅም፣ እርሱም በ1610 በፓሪስ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ሳለ ተወግቶ ተገደለ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሥታት በጩቤ ሞቱ ማለት ነው።

የጥያቄዬ የመጀመሪያ መልስ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ፍጹም ንጉሥ የሚነሣው ሕዝቡን አስፈራርቶ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ፈርቶ ነበር። የሚፈራውም ንጉሡን ሳይሆን የንጉሥን መጥፋት ነበር። ቤቱ ሲቃጠል ያየ፣ እህሉን ዛሬ የዚህ መስፍን ወታደር ነገ የዚያኛው የዘረፈበት ባላገር፣ አሥር ጌቶች ከሚፈራረቁበት ለአንድ ጌታ መገበር ይሻለው ነበር።

በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ላይ «ነገሥታቱ መድፍ ስላገኙ የመኳንንቱን ግንብ አፈረሱ» የሚል ነገር ይገኛል። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መድፍ መናፍስት አይጎትቱትም፤ ፈረስ፣ ባሩድ፣ ብረት፣ ደመወዝተኛ ወታደር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በገንዘብ ስለ ሆነ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ግብር ይመለሳል።

ከ1624 እስከ 1642 የሉዊ 13ኛ ዋና አማካሪ የነበረው ካርዲናል ሪሽልዮ ይህን በሚገባ ያወቀ ሰው ነበር። በ1626 በጠረፍ ላይ ያልሆኑ ምሽጎች ሁሉ እንዲፈርሱ አሳወጀ። የፕሮቴስታንቶች ዋና ከተማ የነበረችውን ላ ሮሼልን በ1627 ከብቦ፣ እንግሊዞች በመርከብ እርዳታ እንዳያደርሱላት በባሕሩ ላይ ግድብ ሠርቶ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በረኃብ አስጨነቃት። በ1628 በሯን ስትከፍት ከ25 ሺህ በላይ ከነበረው ሕዝቧ የተረፈው 5 ሺህ ያህል ነበረ። የመኳንንቱን፣ የካህናቱንና የከተሞቹን ወኪሎች የሚሰበስበው የመላ አገሪቱ ጉባኤም በ1614 ከተጠራ በኋላ ዳግመኛ ሳይጠራ ቀረ። የተጠራው በ1789 ነው፤ አንባቢ መካከሉን ቢቆጥረው 175 ዓመት ያገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን ያስደነቀኝ የሹመት ነገር ነው። በፈረንሳይ ዳኝነትና የግብር ሹመት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ከ1604 ጀምሮ ደግሞ ባለ ሹመቱ የሹመቱን ዋጋ ከስድሳ አንድ እጅ በየዓመቱ ለመንግሥት ከከፈለ፣ ሹመቱን ለልጁ ለማውረስ ወይም ለሌላ ለመሸጥ ይችል ነበር። ንጉሡ በዚህ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ ነገር ግን ሹመቱን የገዛ ዳኛ ገንዘቡ ካልተመለሰለት በቀር ሊሻር አይችልም። እንዲህ ከሆነ ፍጹም የሚባለው ንጉሥ የራሱን ሹማምንት መሻር አቃተው ማለት ነው! ስለዚህ ሪሽልዮ ሹመታቸውን ያልገዙ፣ ንጉሡ በደብዳቤ የሚልካቸውና በደብዳቤ የሚጠራቸው እንደራሴዎችን በየጠቅላይ ግዛቱ ማስቀመጥ ጀመረ። ፈረንሳዮች «አንቴንዳን» የሚሏቸው፣ መምህራችን ሠላሳ ያህል ናቸው ያሏቸው ሹማምንት እነዚህ ናቸው። ሥራቸውም በመጀመሪያ ግብር ማስገባት ነበር። ፈረንሳይ በ1635 ወደ ሠላሳው ዓመት ጦርነት ስለ ገባች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግብሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ1639 በኖርማንዲ የጨው ግብር ሊጨመርብን ነው ብለው የሸፈቱ ባላገሮች ራሳቸውን «ባዶ እግሮች» ብለው ጠሩ፤ ጦር ተልኮ ጨፈጨፋቸው።

ሉዊ 14ኛ ሜይ 14 ቀን 1643 ሲነግሥ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ አን እና ካርዲናል ማዛረን በስሙ ያስተዳድሩ ጀመር። በ1648 የፓሪስ ፓርሌማን አዲሱን ግብር አልመዘግብም ብሎ ተነሣ። ስሙ ፓርላማ ይምሰል እንጂ ይህ ፍርድ ቤት ነው፤ የንጉሡ ሕግ የሚጸናው በዚያ መዝገብ ሲጻፍ ነበርና ዳኞቹ ከመጻፋቸው በፊት ተቃውሞ ማቅረብ ይችሉ ነበር። ዳኞቹ ከጠየቁት ነገር አንዱ እንደራሴዎቹ እንዲነሡ ነው፤ መንግሥትም ጨንቆት አብዛኞቹን አነሣ። ከዳኞቹ አንዱን ቢያስር የፓሪስ ሕዝብ መንገዱን በበርሜልና በድንጋይ ዘጋበት። ይህ ሁከት «ፍሮንድ» ይባላል፤ ትርጓሜው «ወንጭፍ» ማለት ነው። የፓሪስ ልጆች በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውሩ ስለ ነበር ስሙ ከዚያ እንደ ወጣ ይነገራል።

ከዚህ ሁከት ሁለት ሌሊቶችን ላስታውስ። የመጀመሪያው በጃንዋሪ 1649 ነው። እናቱ ትንሹን ንጉሥ በሌሊት ቀስቅሳ ከፓሪስ ወደ ሳን ዠርመን ሸሸች። በዚያ በነበረው ግንብ የተዘጋጀ አልጋና ምንጣፍ ስላልነበረ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ብዙዎቹ በገለባ ላይ አደሩ። ሁለተኛው ሌሊት የባሰ ነው። በፌብሩዋሪ 1651 ንጉሡ ዳግመኛ ሊሸሽ ነው የሚል ወሬ በከተማው ስለ ተነዛ፣ ሕዝቡ ወደ ቤተ መንግሥቱ መጥቶ ንጉሣችንን አሳዩን አለ። እናቱ በሩን አስከፈተች። ሰዎቹም እየተራመዱ በልጁ አልጋ አጠገብ አለፉ፤ ተኝቶ ሲያዩት በጸጥታ ወጡ። እንደሚተረከው ልጁ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ለመንገድ የሚሆነውን ልብስ ለብሶ ነበርም ይባላል። ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ነበረ። እኔ ይህን ሳነብ፣ በኋላ ከፓሪስ ወጥቶ በሌላ ስፍራ ለምን እንደ ኖረ ማንም ሳይነግረኝ የገባኝ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት ባለፈ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከእንግሊዝ አገር አስደንጋጭ ወሬ መጣ። ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 በአደባባይ አንገቱን ተቆርጦ ሞተ። ሚስቱ ሄንሪየታ ማሪያ የሉዊ አክስት፣ የአባቱ እኅት ነበረች፤ በስደት በፓሪስ ተቀምጣ ሳለች የባሏን ሞት ሰማች። ቻርልስ ከ1629 እስከ 1640 ያለ ፓርላማ ገዝቶ ነበር። ታዲያ ሉዊ ከወንጭፉ ሁከት ተርፎ የበለጠ ሲጠነክር፣ ቻርልስ ለምን ወደቀ? የእንግሊዙ ንጉሥ በሰላም ጊዜ የሚቀመጥ ብዙ ደመወዝተኛ ጦር አልነበረውም፤ በየወረዳው የሚሾማቸው ዳኞችም ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የአገሩ ባላባቶች ነበሩ። እነርሱ እንቢ ካሉት ትእዛዙን የሚፈጽምለት አልነበረም። የስኮትላንድ ሰዎች በጸሎት መጽሐፍ ምክንያት ሲያምፁበት ለጦርነቱ ገንዘብ ስላጣ ፓርላማውን መጥራት ግድ ሆነበት፤ ከዚያም በ1642 የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

የፈረንሳዩ ፍሮንድ ደግሞ የተበተነው ሸፋቾቹ እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ ነው። ዳኞቹ መሳፍንቱን አላመኑም፤ መሳፍንቱ ዳኞቹን ናቁ፤ ከመሳፍንቱም ታላቁ የጦር መሪ ኮንዴ ወደ እስጳንያ ገብቶ ለጠላት አደረ። በመጨረሻ የፓሪስ ሰዎች ራሳቸው በ1652 ንጉሡን በእልልታ ተቀበሉት። እንደራሴዎቹም ቀስ በቀስ ወደየስፍራቸው ተመለሱ።

ማዛረን ማርች 9 ቀን 1661 ሲሞት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ንጉሥ ከእንግዲህ ወዲህ ዋና አማካሪ አልሾምም፤ ሥራውን እኔው ራሴ እይዘዋለሁ አለ። ቤተ መንግሥቱ ይህ የወጣት ወሬ መስሎት ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት የገንዘቡ ሹም ፉኬ ባሠራው አዲስ ቤት ለንጉሡ እጅግ የደመቀ ግብዣ አደረገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ታሰረና እስኪሞት ድረስ ከእስር አልወጣም። በስፍራው ኮልቤር የተባለው ብርቱ ሠራተኛ ሂሳቡን ያዘ። በ1673 ደግሞ የፓሪስ ዳኞች ሕጉን አስቀድመው መዝግበው ተቃውሟቸውን በኋላ እንዲናገሩ ታዘዙ። ወጥ ከተበላ በኋላ ጨው አነሰው እንደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስናነብ ንጉሡ መኳንንቱን ሰብሮ የጣላቸው ይመስለናል። እኔም ይህን ስል መምህራችን እንደገና አስቆሙኝና የላንግዶክን አገር ነገር እንዳነብ መከሩኝ። ላንግዶክ በደቡብ ፈረንሳይ ያለ ሰፊ ግዛት ነው። በዚያ የራሱ ጉባኤ አልተሻረም ነበር፤ ጳጳሳቱና ባላባቶቹ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ለንጉሡ ስለሚሰጠው ገንዘብ ይነጋገሩ ነበር። በሉዊ ዘመን ይህ ጉባኤ ንጉሡ የጠየቀውን ሳይከራከር መስጠት ጀመረ። ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ከሕዝቡ ከሚሰበሰበው ግብር ብዙው በደመወዝ፣ በጡረታ፣ በወለድና በስጦታ ስም ለእነዚያው ታላላቆች ይመለስ ነበር። ለንጉሡ ገንዘብ የሚያበድሩትም፣ ግብሩን በኮንትራት የሚሰበስቡትም፣ ስማቸው ተሰውሮ ከበስተኋላ የቆሙት መኳንንት ነበሩ። ሠላሳው እንደራሴ ብቻውን አልነበረም፤ በየአገሩ የሚያግዘው፣ ከማገዙም የሚጠቀም ብዙ ሰው ነበረው።

ቬርሳይም የዚሁ ስምምነት ሌላ መልክ ነው። አባቱ ለአደን የሠራውን ቤት ሉዊ እያስፋፋ ሜይ 6 ቀን 1682 ቤተ መንግሥቱን ወደዚያ አዛወረ። የመስተዋቱ አዳራሽ ብቻ 73 ሜትር ይረዝማል፤ 357 መስተዋቶችም አሉበት። መሣፍንቱ በየግንባቸው በጦር ፈንታ አሁን በንጉሡ እልፍኝ በር ላይ በወረፋ ይቆሙ ጀመር። ጠዋት ንጉሡ ሲነሣ ሸሚዙን ማን ያቀብለው? ማታ ሲተኛ መቅረዙን ማን ይያዝለት? አያቶቻቸው በመድፍ የተዋጉ ሰዎች ስለዚህ ነገር ይቀናኑ ነበር። ለእኛ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሸሚዙን ያቀበለ ሰው ያችን ጊዜ ለልጁ የጦር ሹመት፣ ለወንድሙ የገዳም ገቢ ይለምንባት ነበርና ለእነርሱ ሣቅ አልነበረም።

ነገሬን ሳላርቅ ለአገራችን አንባቢ አንዲት ነገር ልጨምር። በዚያው በ1682 በጎንደር ታላቁ አፄ ኢያሱ ነገሡ። በ1699 ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም፣ በካይሮ የተቀመጠው የሉዊ ቆንስል ልኮት፣ በስናር በኩል አድርጎ ጎንደር ደረሰና ንጉሠ ነገሥቱን አከመ። ከዚያ በኋላ ሉዊ የላከው መልእክተኛ ዱ ሩል ግን በ1705 በስናር ተገደለ፤ ጎንደርን ሳያይ ቀረ።

ፍጹም ሥልጣን በስምምነት ሊሰጥ እንደሚችል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የዴንማርክ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ንጉሥ የሚነግሠው በመኳንንቱ ተመርጦ፣ ይህን አላደርግም ብሎ በቃል ኪዳን ደብዳቤ ከፈረመ በኋላ ነበር። መኳንንቱም ግብር አይከፍሉም ነበር። በ1658 የስዊድን ጦር በበረዶ በጠጠረው ባሕር ላይ ተራምዶ ገባና የአገሩን ብዙ ክፍል ወሰደ፤ ዋና ከተማዋ ኮፐንሃገንም ተከበበች። በፌብሩዋሪ 1659 ስዊድኖች በሌሊት ሲያጠቁ ከንጉሡ ከፍሬድሪክ 3ኛ ጋር ሆነው በቅጥሩ ላይ ተዋግተው የመለሷቸው የከተማው ነጋዴዎችና የእጅ ሥራ ሰዎች ናቸው። ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በ1660፣ ባዶ የሆነውን ግምጃ ቤት ለመሙላት ጉባኤ ተጠራ። መኳንንቱ እንደ ሌላው ሰው ግብር መክፈልን አስቸጋሪ አደረጉት። ነጋዴዎቹና ካህናቱም ተቆጥተው፣ እንግዲያስ ንጉሡ ሳይመረጥ በዘር ይንገሥ ብለው ተነሡ። የከተማዋ በሮች ተዘጉ፤ መኳንንቱ ሊወጡ አልቻሉም፤ በኦክቶበርም እሺ አሉ። የቃል ኪዳኑ ደብዳቤ ተሻረ። ኖቬምበር 14 ቀን 1665 በተጻፈው የንጉሥ ሕግ ንጉሡ ከእግዚአብሔር በቀር በላዩ ማንም የለም፤ ሃይማኖቱን እንዳይለውጥ፣ መንግሥቱን እንዳይከፍል፣ ሥልጣኑንም እንዳያጎድል ብቻ ታዘዘ። ይህ ሕግ ለሕዝብ ታትሞ የወጣው ግን በ1709 ነው። ነጋዴዎቹ የመኳንንቱን ጥቅም እንቀንሳለን ብለው የሰጡትን ሥልጣን የልጅ ልጆቻቸው መልሰው ያገኙት በ1849 ሕገ መንግሥት ሲጻፍ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ መምህራችንን ተከትዬ «የጥያቄዎን መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል፤ ሠላሳው ሰው ያዘዘው ስለ ፈሩትና ስለ ተጠቀሙበት ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «መልካም ነው። ታዲያ ሁሉም ከተጠቀመ ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?» አሉኝ።

ሂሳቡን የከፈለው በጉባኤው ያልነበረው ነው። «ታይ» የሚባለውን ዋናውን ግብር መኳንንትና ካህናት አይከፍሉትም ነበር፤ ብዙ ከተሞችም ነጻ ነበሩ፤ ሸክሙ በገበሬው ላይ ወደቀ። በ1675 በብሬታኝ የቴምብር ወረቀትና የትምባሆ ግብር ሲጨመር ገበሬዎች ተነሡ፤ ወታደርም መጥቶ ብዙዎቹን በየዛፉ ላይ ሰቀላቸው። ፕሮቴስታንቶቹም የናንት አዋጅ በ1685 ሲሻር በአገራቸው በሃይማኖታቸው ለመኖር ስላልቻሉ፣ መውጣት የተከለከለ ቢሆንም 200 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ፕሩስያና ወደ ሌላም ተሰደዱ። አያቶቻቸው ሰላም ያገኙ ዘንድ ንጉሡን ደግፈው ነበር።

በ1690ዎቹ በተደረገው ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት በመዝገብ 400 ሺህ ደረሰ። ገንዘብ ስላነሰ ሉዊ ገና በ1689 የቬርሳይን የብር ዕቃዎች፣ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ሳይቀር፣ አስቀልጦ ገንዘብ አስመታው። በ1693ና በ1694 እህል ጠፍቶ በረኃብና በበሽታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሞተ። በ1695 መኳንንቱም ጭምር የሚከፍሉት የነፍስ ወከፍ ግብር ታወጀ፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ቀስ በቀስ እያመለጡት ሸክሙ ወደ ድሀው ተመለሰ። ለንጉሡ ብዙ ምሽጎችን የሠራለትና ብዙ ከተሞችን የያዘለት ማርሻል ቮባን በየአገሩ ሲዞር ያየውን ጽፎ፣ ከሕዝቡ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ለማኝ ሆኗል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው እንደ ገቢው መጠን ይገብር የሚል መጽሐፍ በ1707 አሳተመ። መጽሐፉ በንጉሡ ምክር ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ቮባንም በዚያው ወራት ሞተ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማከብረው ይህን ሽማግሌ ወታደር ነው።

በእንግሊዝ በዚያው ጊዜ የሆነው ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። ከ1688 ለውጥ በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር ማስከፈል እንደማይችል በ1689 በሕግ ተጻፈ። በ1694 የእንግሊዝ ባንክ ተቋቁሞ ለመንግሥት ማበደር ጀመረ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ግብሩን የሚፈቅደው ፓርላማ ዕዳውንም እንደሚያስከፍል ስላመኑ በአነስተኛ ወለድ አበደሩ። ሉዊ ግን ከልካይ ስላልነበረው፣ ዕዳዬን አልከፍልም ቢል የሚያስገድደው የለም፤ ስለዚህ አበዳሪዎቹ ብዙ ወለድ ይጠይቁት ነበር። የታሰረው ንጉሥ ከተፈታው ንጉሥ ይልቅ ብዙ ገንዘብ አገኘ ማለት ነው። ይህን ነጥብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳስረዳቸው አንዱ «እኔም ላንተ ያላበደርሁህ ለዚሁ ነው» ብሎ አሣቀብኝ።

ሉዊ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1715 ከ72 ዓመት ንግሥና በኋላ ሞተ። «መንግሥት ማለት እኔ ነኝ» አለ እየተባለ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል፤ መናገሩን የሚያስረዳ ማስረጃ ግን የለም። በሞት አልጋው ላይ ተናገረው ተብሎ የተጻፈው፣ እኔ እሄዳለሁ መንግሥት ግን ይኖራል የሚል ሐሳብ ነው። ልጁና የልጅ ልጁ ቀድመውት ስለ ሞቱ የሚተካው የልጅ ልጁ ልጅ ነበረ። ንጉሡ አልጋ ወራሹ እስኪያድግ ድረስ የወንድሙ ልጅ ፊሊፕ ብቻውን እንዳይገዛ በኑዛዜው ከልክሎ፣ ኑዛዜውን በፓሪስ ፓርሌማን ዘንድ አስቀምጦት ነበር። በሞተ በማግስቱ ዳኞቹ ተሰብስበው ኑዛዜውን ከፈቱ፤ አነበቡት፤ ሻሩትም። ፊሊፕም በምላሹ ሕግ ከመመዝገቡ በፊት ተቃውሞ የማቅረቡን መብት፣ ከ42 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር መለሰላቸው። አዲሱ ንጉሥ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበረ።